ዓሣ እስኪወጣ ድረስ

አንኮበር፣ ጥር ፲፪ ቀን ፲፰፻፸፬ ዓመተ ምሕረት

ይድረስ ለአባቴ ለቄስ ዘርአ ዳዊት፣ በሬሳ ዳር።

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? ላሚቱስ ወለደች? እኔ ልጅዎ ኪዳነ ማርያም በጸሎትዎ በሕይወት አለሁ። ሰላምታዬን ከአጥር ውጭ ቆሜ የማቀርብ ስለሚመስለኝ አላስረዝመውም።

እማሆይ ለተጊዮርጊስ ከደብረ ብርሃን ሲወርዱ አገኙኝና «አባትህ የት ያድራል፣ ምን ይበላል ብሎ ጠይቆኛል» አሉኝ። ይህን ስሰማ አለቀስሁ። የማድረው ገብረ ሕይወት ከሚባል ብራና ፋቂ ቤት ነው። ቀን ቀን ዳዊት እጽፋለሁ። ፊደል ስጥል በሸምበቆ ጣቴን ይመቱኝ እንደ ነበር ያስታውሳሉ? ያ ጣት ነው አሁን እንጀራ የሚያበላኝ።

ስለዚያ ቀን ሳልጽፍ ባልፍ ይሻለኝ ነበር፣ ግን አልቻልሁም። እናቴ በጥቅምት ዐርፋ አርባዋ የነቢያት ጾም ውስጥ ወደቀ። ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ። እሷ ዕድሜዋን ሙሉ ስታበላው የኖረችውን ሰው በሽሮና በንፍሮ ልሸኘው ነው ብዬ ተሸማቀቅሁ። ዓሣ ለዚህ ጾም አልተከለከለም። እርስዎ ግን በመንጠቆ በቀን ቢበዛ አራት ያወጣሉ፣ በሁለት ዓሣ ሕዝብ ያጠገበ ደግሞ ጌታ ብቻ ነው። ስለዚህ ከምንጃር ቆላ ያስመጣሁትን የብርብራ ፍሬ ወቅጬ፣ ማለዳ በበሬሳ ወንዝ ከሚያጠምዱበት ኩሬ ራስ ላይ በተንሁት። ብርብራ ዓሣ ያሰክራል ሲሉ ሰምቼ ነበር። ትልልቁን ለቅሜ ስሄድ ትንንሹ ስካሩ ለቆት ይዋኛል ብዬ አሰብሁ። ውሃው በኅዳር አንሶ እንደ ነበር፣ መርዙን የሚወስድለት ፈሳሽ እንዳልነበረው ልብ አላልሁም። ሁሉም ሆዱን ገልብጦ ተንሳፈፈ፤ ጣት የማያክለው እንኳ አልቀረም።

እንግዳው እየበላ ሳለ እርስዎ ከወንዙ ተመልሰው መጡ። መስቀልዎን አውጥተው «ከዚያ ኩሬ ዳግመኛ ዓሣ እስኪወጣ ድረስ ደጄን እንዳትረግጥ በጴጥሮስ ወጳውሎስ ሥልጣን ገዝቼሃለሁ» አሉ። የጎረሰ ሰው ሁሉ ጉርሻው አፉ ውስጥ ቀረ። እኔም በዚያው ወጣሁ።

ግዝቱን አከብራለሁ። የካህንም የአባትም ቃል ነው። ብቻ አንድ ነገር ይጻፉልኝ፣ ኩሬው እንዴት ነው?

ልጅዎ ኪዳነ ማርያም


በሬሳ ዳር፣ መጋቢት ፯ ቀን ፲፰፻፸፬

ለኪዳነ ማርያም።

ላሚቱ ወልዳለች፣ ወንድ ጥጃ ነው። ጉልበቴ እንደ ባለቤቱ ግትር ሆኗል።

ኩሬው እንዴት ነው ብለሃል። ውሃ አለው። ሌላ ምንም የለውም። ከቅዳሴ በኋላ ዘንጌን ይዤ እወርዳለሁ። ከፈረስ ጭራ የገመድኸው ክር አሁንም አልተበጠሰም፣ ለዚህ እንኳ ላመሰግንህ ይገባል። ትል እሰካለሁ፣ ከክሩ ያሰርኋት የቅል ስባሪ ውሃው ላይ ትቆማለች፣ እኔም አብሬያት እቆማለሁ። ከዚያ ዘንጌን አንሥቼ እመለሳለሁ። መንደርተኛው «ቄሱ ውሃ ያጠምዳሉ» ብሎ ይስቃል። ይሳቅ፣ ጾም ስለሆነ ሌላ መዝናኛ የለውም።

«ፍቱት፣ ልጅ ነው፣ ለእናቱ ብሎ ነው» እያሉ የሚመጡም አሉ። የገዘተው ራሱ ካልፈታው ሌላ እንደማይፈታው ያውቃሉ። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል። እኔም በሁለት መቶ ሰው ፊት ተናግሬአለሁ። ነገ ከነገ ወዲያ በመቅደስ ቆሜ የምናገረውን ማን ይሰማኛል?

ደግሞ ያ ኩሬ ለእኔ የወጥ ማሰሮ አልነበረም። ሠላሳ ዓመት እናትህ ከዚህ ማዶ ልብስ ስታጥብ እኔ ከዚያ ማዶ እቀመጥ ነበር። አንነጋገርም። ድምፅ ዓሣ ያስደነግጣል እላታለሁ፣ እሷም ዝም ትላለች። ቅሏ ስትሰምጥ ግን ከእኔ ቀድማ የምታየው እሷ ነበረች፣ በእጇ ታመለክተኝ ነበር። ከሞተች በኋላ የቀረኝ ያ ቦታ ነው። አንተ በአንድ ማለዳ ጨረስኸው፣ ያውም በእሷ ስም።

ይህን የምጽፈው እንድታለቅስ አይደለም። ጠይቀኸኝ ነው።

ለክረምት የሚሆን ጋቢ አለህ ወይ? እማሆይ ይህንን አልነገሩኝም።

ዘርአ ዳዊት


አንኮበር፣ ጥቅምት ፮ ቀን ፲፰፻፸፭

ይድረስ ለአባቴ።

እንደምን ከረሙ? ጋቢ አለኝ፣ የገብረ ሕይወት ሚስት ፈትላ ሰጥታኛለች። ቁመቴን ሳትጠይቅ ስላሠራችው እግሬ ውጭ ያድራል እንጂ ደህና ጋቢ ነው።

ስለ እናቴና ስለ ኩሬው የጻፉልኝን አሥር ጊዜ አንብቤዋለሁ። እዚያ ማዶ ለማዶ መቀመጣችሁን አይቻለሁ፣ ግን ልብስ ማጠብና ዓሣ ማጥመድ ብቻ ነበር የመሰለኝ። ልጅ የወላጁን ነገር አያውቅም። አሁን ሳውቀው ደግሞ ልመልሰው አልችልም።

ክረምቱ ወጥቷል። በሬሳ ሞልቶ ሲፈስ ከታች ዓሣ ይዞ ይወጣል ሲባል ሰምቻለሁና በየቀኑ ተስፋ አደርጋለሁ። ካልወጣ ግን አንድ ሐሳብ አለኝ። ከዚህ ከአንኮበር በታች አይራራ የሚሉት ወንዝ አለ። በመረብ ስድስት ያህል ዓሣ በሕይወት ይዤ፣ በገንቦ ተሸክሜ፣ በየምንጩ ውሃ እየለወጥሁ ብመጣስ? ባለፈው ሳምንት ሁለቱን ይዤ እስከ ገደሉ አፋፍ ወጥቼ ሞከርሁት። አንዷ ሞተች፣ አንዷ ግን እስክመለስ ድረስ ጭራዋን ታወዛውዝ ነበር። ኩሬው ድረስ ብቻ ነው የምመጣው። ደጅዎን አልረግጥም፣ ቤቱ በሚታይበት በኩል እንኳ አላልፍም።

ይፍቀዱልኝ። አገሬ ናፍቆኛል። እርስዎም ናፍቀውኛል።

ኪዳነ ማርያም


በሬሳ ዳር፣ ኅዳር ፫ ቀን ፲፰፻፸፭

ለኪዳነ ማርያም።

አትምጣ። ዓሣ አልወጣም።

ሰው በገንቦ ተሸክሞ ያመጣው ዓሣም ይህን ግዝት አይፈታም። እግዜር በወንዙ ሲያመጣ ነው እንጂ እኛ ስናመላልስ አይደለም። ደግሞ ያን ዳገት ገንቦ ተሸክመህ ስትወጣ ትወድቃለህ፣ ከልጅነትህ ጀምሮ እግርህን አታይም።

እዚህ ዘንድሮ ውርጩ ቶሎ ጀመረ። የገብሱ ጫፍ ተቃጥሏል። ጥጃው አድጎ እናቱን መግፋት ይዟል፣ ሽጠው ይሉኛል፣ ማንን አይቼ ልዋል? ጣራው በስተሰሜን በኩል ያፈስ ነበር፣ ሣር ጨምሬበታለሁ። እማሆይ ለተጊዮርጊስ በጥቅምት ሁለት ቀን እዚህ ሰንብተው ልብሳቸውን ከወንዝ አጥበው ወደ ደብረ ብርሃን ሄደው ነበር፣ አሁን ሲመለሱ ይህንን የሚያመጡልህ እሳቸው ናቸው። ሌላ ወሬ የለም። አዎ፣ አንድ ነገር አለ፣ ቅዳሴ ማገልገል ትቻለሁ። ጉልበቴ ብዙ መቆም አልቻለም።

ስለ ዓሣው ደጋግመህ አትጠይቀኝ። ሲወጣ እነግርሃለሁ።

ዘርአ ዳዊት


አንኮበር፣ መጋቢት ፳፰ ቀን ፲፰፻፸፮

ይድረስ ለአባቴ።

እንደምን ሰነበቱ? ጎረቤቶቹስ ደህና ናቸው? ገብሱስ፣ ጥጃውስ፣ ጣራውስ? ጥቂት ወረቀትና የራሴን ቀለም ልኬአለሁ፣ ከጥላሸትና ከተቆላ ስንዴ የበጠበጥሁት ነው፣ አይደበዝዝም። አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሳልጽፍ በመቅረቴ ይቅር ይበሉኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብል እርስዎም አያምኑኝ፣ እኔም አላምነውም።

አትጠይቀኝ ያሉኝን አልጠየቅሁም።

አንድ ነገር እለምናለሁ። ይመርቁኝ። ምክንያቱን አይጠይቁ፣ እንዲሁ በወረቀት ላይ መርቀው ይላኩልኝ። እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ቢደርስልኝ ደስ ይለኛል።

ኪዳነ ማርያም


በሬሳ ዳር፣ መስከረም ፳ ቀን ፲፰፻፸፯

ልጄ ኪዳነ ማርያም።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ሰኔ ገብቶ ነው። የያዘው ነጋዴ መንገድ ላይ ታሞ ነበር አሉ። ከዚያ ወንዙ ሞላ፣ መንገደኛ ጠፋ። ቀኑ እንዳለፈ አውቃለሁ። ለምን እንደ ሆነ አልጠይቅህም፣ ግን ያረጀ ሰው ሲተኛ ብዙ ያስባልና ሳላስበው አልቀረሁም። ያለፈም ቢሆን ምርቃቴ ይኸው። እግርህ ከመሰናክል ይጠበቅ፣ እጅህ ከሥራ አይለይ። ቤትህ ሰው የሚገባበት ይሁን። የወለድኸው ይባረክ፣ ከአንተም አይራቅ። ይህን የመጨረሻውን ስጽፍ ብዕሬን አስቀምጬ ወጥቼ ነበር።

እንደምን ሰነበቱ ብለሃል፣ ብቻዬን ነኝ። ብቻ መብላት እንደ መታመም ነው። እንጀራውን ቆርሼ ማዶውን አያለሁ፣ ማንም የለም፣ የቆረስሁትን መልሼ አስቀምጣለሁ። ከላሚቱ ጋር አወራለሁ። መልስ ባትሰጥም ጆሮዋን ታዞራለች፣ ከአንዳንድ ጎረቤት ትሻላለች። ወደ ወንዙ እወርዳለሁ፣ መንጠቆ ግን አልጥልም። ዘንጉን ይዤ ብቻ እቀመጣለሁ። ሰው ሲያልፍ የማጠምድ እንድመስለው ነው።

ስለ ዓሣው ለምን አትጠይቀኝም? አትጠይቅ ያልሁህ እኔ ነኝ፣ አውቃለሁ። ግን ለምን እሺ አልኸኝ?

አባትህ


በሬሳ ዳር፣ ኅዳር ፳፱ ቀን ፲፰፻፸፰

ልጄ።

ለመስከረሙ ደብዳቤ መልስ አላገኘሁም። ከዓመት በላይ ሆነው። ዛሬ የእናትህ አርባ ከወጣ አራት ዓመት ነው፤ ሰው ሳልጠራ ዳዊት ደግሜ ተቀመጥሁ። አሁን የምጽፍልህን ለንስሐ አባቴ ትናንት ተናግሬአለሁ። «ለእኔ ሳይሆን መጀመሪያ ለልጁ ነበር» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

ዓሣው ወጥቷል። ዛሬ አይደለም፣ አምናም አይደለም። በሄድህ በዓመቱ፣ በጥቅምት ፳፪ ቀን፣ አንተ ገንቦ ተሸክሜ ልምጣ ብለህ የለመንኸኝ ደብዳቤ በኪሴ እያለ ነው የወጣ። ቅሏ ሰመጠች። ስስበው ክንድ የሚያህል፣ ሆዱ ቢጫ የሆነ፣ ጤነኛ ዓሣ ነው። መንጠቆውን ከአፉ ሳወጣ የተሰማኝ መጀመሪያ ደስታ መስሎኝ ነበር። ደስታ አልነበረም። ወደ ማዶ ቀና አልሁ፣ እናትህ ታጥብበት የነበረው ድንጋይ ባዶ ነው። አንተ ያጠፋኸው በአንድ ክረምት ሞልቶ ተመለሰ፣ እሷ ግን አልተመለሰችም። እንግዲህ ልጁ ይመጣል፣ ኩሬው ደህና ነው፣ ሁሉም እንደ ድሮው ነው፣ የሷ ሞት ብቻ ነው የማይቃና፣ እኔም ይህን ታቅፌ ዝም ልል ነው ብዬ ተናደድሁ። በማን እንደ ተናደድሁ ዛሬም አላውቀውም። ዓሣውን ወደ ውሃው ለቀቅሁት። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን «ዓሣ አልወጣም» ብዬ ጻፍሁልህ።

ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይላሉ። እኔ ሆድ የባሰኝ ዕለት በእጄ የነበረው መስቀል ነው።

ለአንድ ወር ብቻ ላቆየው ነበር። ለገና እጽፍለታለሁ አልሁ። ገና ሲደርስ እስከ ዛሬ የት ነበርህ ቢለኝስ ብዬ ፈራሁ። ለትንሣኤ አልሁ። በቆየ ቁጥር ውሸቱ እያደገ፣ እኔ እያነስሁ ሄድሁ። ውሸት ይዤ መቅደስ እንዳልገባ ጉልበቴን አመካኝቼ ቅዳሴ ተውሁ። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ብዬህ ነበር፣ እኔ ግን የተናገርሁትንም የወለድሁትንም አጠፋሁ። ያን የተረተ ሰው ልጅ ያልነበረው ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ግዝት የለብህም። ሦስት ዓመት ሙሉ ደጁ ክፍት ነበር። ይቅር በለኝ፣ ናም።

አባትህ ዘርአ ዳዊት


አንኮበር፣ ታኅሣሥ ፲፰ ቀን ፲፰፻፸፰

ይድረስ ለአባቴ ለቄስ ዘርአ ዳዊት።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። አዲስ ነገር አልነገሩኝም፣ አውቄው ነበር።

በዚያ በኅዳር እማሆይ ለተጊዮርጊስ ከበሬሳ ሲመጡ ገና ከበሩ ላይ «እንኳን ደስ ያለህ! ልብሴን እያጠብሁ ሳለ አባትህ ይህን የሚያህል ዓሣ ሲያወጣ በዓይኔ በብረቱ አየሁት» አሉኝ። ስቄ ተቀበልኋቸው። ከዚያ ደብዳቤዎን ከመቀነታቸው ፈተው ሰጡኝ። ከፍቼ «አትምጣ፣ ዓሣ አልወጣም» የሚለውን ሳነብ እሳቸው አጠገቤ ቆመው «መቼ ትሄዳለህ?» ይሉኛል። ምን ልበላቸው? «ከሥራዬ በኋላ» አልሁ። ኋላ ነገሩ ሲገባቸው አለቀሱ። ለማንም እንዳይናገሩ አስምያቸዋለሁ፣ አልተናገሩም።

መምጣት እችል ነበር። ግዝቱ እንደ ተፈታ አውቃለሁ፣ ምስክርም ነበረኝ። ግን እርስዎ ና እስኪሉኝ ልጠብቅ አልሁ። ዓሣ እስኪወጣ አንድ ዓመት ጠበቅሁ፣ ወጣ የሚለው ቃል ከእርስዎ አፍ እስኪወጣ ሦስት ዓመት። ስለ ዓሣው ያልጠየቅሁዎት ሌላ ውሸት እንዳይጽፉልኝ ብዬ ነው።

ምርቃት የለመንሁዎት ለሠርጌ ነው። በዳግማይ ትንሣኤ በሰለች የምትባል የዚህ አገር ልጅ በቁርባን አገባሁ። በአባት ወገን የቆመልኝ ገብረ ሕይወት ነው። እጁ በብራና ፋቂነት ሻካራ ነው፣ ራሴ ላይ ጭኖ ሲመርቀኝ ጠጉሬን ይዞኝ ነበር፤ ሰው ሳቀ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ። የእርስዎ እጅ ለስላሳ እንደ ነበር ያሰብሁት ያን ጊዜ ነው። ምርቃትዎ በመስከረም ሲደርስ በሰለች ነፍሰ ጡር ነበረች። «የወለድኸው ከአንተ አይራቅ» የሚለውን አነበብሁላት። «ይህን የጻፈ ሰው ምን አግዶት ነው የማይመጣው?» አለችኝ። የምመልስላት አጥቼ ለእርስዎም ሳልመልስ ቀረሁ። ልጅቱ ይርጋለም ትባላለች። ዘንድሮ በእግሯ ሄዳለች።

ይቅር በለኝ ብለዋል። ይቅር ለእግዚአብሔር። የኔም በደል አለበትና ይህን ለማለት አልቸገርም። ናም ብለዋል። አልመጣም። አልተቀየምሁም ብል እዋሻለሁ፣ ተቀይሜአለሁ። ግዝቱ የእኔን እግር ነው ያሰረ፣ አባቴ። የእርስዎን አላሰረም። ከበሬሳ አንኮበር የአንድ ቀን መንገድ ነው። እማሆይ በዚያ ዕድሜያቸው በዓመት ሦስት ጊዜ ይመላለሱበታል። አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ተነሥተው ልጄ እንዴት ነው አላሉም።

ኪዳነ ማርያም


ከአንኮበር በላይ፣ ከገደሉ አፋፍ፣ ጥር ፳፭ ቀን ፲፰፻፸፰

ልጄ ኪዳነ ማርያም።

የአንድ ቀን መንገድ ነው ብለሃል። ለእኔ ሦስት ቀን ፈጀ። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ጊዜ ተመልሼአለሁ፣ አንዴ ላሚቱን አደራ መስጠት ረስቼ፣ አንዴ እንዲያው ፈርቼ። ደክሞኝ የተጠጋሁት ወልደተንሣኤ ከሚባል ገበሬ ቤት ነው። ሚስቱ እግሬን አጥባ «ወዴት ነው አባ?» አለችኝ። «ልጄን ልጠይቅ» አልኋት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እንዲህ ቀላል መሆኑ አስደነቀኝ።

አንኮበር ከዚህ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ወልደተንሣኤ የብራና ፋቂዎቹን ሰፈር በጣቱ አሳየኝ። ጭስ የሚወጣባቸው አራት ቤቶች ቆጠርሁ። አንዱ የአንተ ነው እያልሁ ከጧት ጀምሬ አራቱንም ሳይ ዋልሁ። አንዲት ሴት ከአንዱ ወጥታ እህል አሰጣች፣ ከኋላዋ አንድ ትንሽ ነገር ይከተላት ነበር። ዓይኔ ደካማ ነው፣ ጥጃም ሊሆን ይችላል። ግን አለቀስሁ።

ትናንት ለመውረድ ተነሥቼ እስከ መንገዱ ራስ ሄድሁና ተመለስሁ። ቁልቁለቱን አይደለም የፈራሁ። ደጅህ ላይ ደርሼ ስቆም በሰለች አታውቀኝም፣ ሕፃኗ አታውቀኝም፣ አንተ የምታውቀኝ ደግሞ ከሁሉም ይልቅ አስፈራኸኝ። በሰለች «ማን ናቸው?» ብትልህ ምን ትላታለህ? በዚህ ዕድሜዬ ደጅ ተከልክሎ መመለስ ምን እንደሚመስል ሳስበው አንተ በሃያ ሁለት ዓመትህ፣ እናትህን በቀበርህ በአርባ ቀንህ፣ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል እንዴት እንደ ወጣህ አሁን ገና ታየኝ። እስከ ዛሬ አላየሁትም ነበር። አምላኬ ምስክሬ ነው፣ አላየሁትም።

ወልደተንሣኤ ነገ ለገበያ ይወርዳል፣ ይህን ያደርስልሃል። በማግስቱ ይመለሳል። ናልኝ አልልህም። አልመጣም ብለሃል፣ እኔ ደግሞ ሰውን በቃል ማሰር ይበቃኛል። በሰውየው አፍ አንዲት ቃል ብቻ ላክልኝ። ተመለስ ካልኸኝ እመለሳለሁ፣ አልቀየምህም። ግን ልጄ፣ እዚህ ድረስ መጥቻለሁ። ግባ በለኝ።

አባትህ